በር ላይ

ሐምሌ ከገባ ወዲህ ደሴ ጦሳን አላየችውም። ጉሙ ከተራራው ወርዶ ከተማው ውስጥ ተኝቷል፤ ሰው መንገድ የሚሻገረው እየዳበሰ ነው። እንዲህ ባለው ጧት፣ ልክ አንድ ሰዓት ሲሞላ፣ በየቤቱ ያለው ሙዳይ ሁሉ በአንድ አፍ ይጮሃል። የይማም ልጆች ቤት ያለውም ጮኸ።

ሙዳይ ስላልኩ ስፌቱ እንዳይመስላችሁ። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተገጠመ፣ ከሁለት ጡብ የማይበልጥ ግራጫ ሳጥን ነው። የመዝገብ ስሙ ረጅም ስለሆነ ማንም አይጠራውም። ክዳኑ ሲከፈት ሁለት ክኒን ይጥላል፤ አንዱ ለረምላ፣ አንዱ ለታናሽ እህቷ ለከውሰር። ክኒኑ ጽናት ይባላል። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ በየጧቱ ይውጠዋል። ምላስ ስር መደበቅ የለም፤ ሳጥኑ ምራቅ ቀምሶ ያውቃል። ሦስት ቀን ያልዋጠ ሰው ተላላፊ ተብሎ ወደ ማግለያ ይወሰዳል። ስለዚህ ይዋጣል።

ሲዋጥ ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ማሽን፣ ጠያቂ፣ ትናገራለች። ድምጿ የወሎ ሴት ድምፅ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ጎተት የሚል።

«እንዴት አደርሽ፣ እህቴ ከውሰር?»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ከውሰር።

አረንጓዴ መብራት በራ።

«እንዴት አደርሽ፣ እህቴ ረምላ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

አሁንም አረንጓዴ። ክዳኑ ተዘጋ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ሰርግም ይሁን ለቅሶ፣ አንድም ጧት ሳይዘለል የሆነው ይኸው ነው።

ጠያቂ የሚለውን ስም ያወጣው ኮሚቴ በስሙ ኮርቶ ነበር ይባላል። በእኛ ቋንቋ ያላወቀ ይጠይቃል፤ የታመመም ይጠየቃል። ሁለቱን በአንድ ማሽን አገኘናቸው ብለው አጨበጨቡ። የታመመ ሲጠየቅ ብርቱካን ተይዞ እንደሚኬድ፣ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ሻይ እስኪመጣ እንደሚቆይ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ረምላ ሰማንያ ዓመቷ ነው። የሹራቧን ቁልፍ በዓይኗ እያየች መቆለፍ ከጀመረች ቆይታለች፤ እርጅና ነው፣ የደሴም ብርድ አለ ብላ ትታዋለች። ቁልፉን ጨርሳ ቀና ስትል ከውሰር መስኮቱ ስር ጥልፏን ይዛ ተቀምጣለች። ከውሰር ሰባ አምስት ሞልቷታል፤ ግን ደሴ ውስጥ በእጁ የሚጠልፍ ሰው ስለጠፋ እስካሁን ሥራ አያጣትም። ያን ጧት የያዘችው የጎረቤት ልጅ የሰርግ ቀሚስ ነበር፤ አንገቱ ላይ አረንጓዴ ሐረግ።  ረምላ ከአረንጓዴው ሐረግ ጎን ቀይ ነገር አየች።

«ከውሰር፣ ደም።»

«የት?»

«እጅሽ።»

ከውሰር እጇን ገልብጣ አየች። መርፌው የግራ እጇን ሌባ ጣት በስቶ በሌላው በኩል ወጥቷል። አልጮኸችም። ከመርፌ ማስቀመጫው እንደሚነቀል ነቅላ አወጣችውና «ውይ፣ ቀሚሱን አበላሸሁት» አለች።

ረምላ ተነስታ አጠገቧ ተቀመጠች። መርፌውን ከእጇ ወሰደችው።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። ስነካሽ አለሁ በይ።»

ከውሰር ጨፈነች። ረምላ አውራ ጣቷን ወጋች፣ ቀጥላ ሌባ ጣቷን፣ ቀጥላ መሀሉን። ከውሰር እንደ ጨፈነች ጠበቀች።

«ምነው፣ አትነኪኝም እንዴ?» አለች በመጨረሻ።

 ረምላ ይህን ነገር ታውቀዋለች፤ ከእሷ የበለጠ የሚያውቀው ሰውም የለም። መርፌውን ወደ ራሷ ጣት አዙራ ነበር። አዙራም ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ማስቀመጫው ላይ መልሳ ሰካችው። ለምን እንዲህ እንዳደረገች የጠየቃት አልነበረም፤ እሷም ራሷን አልጠየቀችም።

ረምላ ይማም ማን እንደሆነች የማያውቅ ተማሪ የለም። ስዕሏ ከአራተኛ ክፍል መጽሐፍ ጀምሮ አለ። እምቢተኛው ሲመጣ፣ ማለትም መድኃኒት ሁሉ ያልመለሰው የሳንባ ነቀርሳ አገር ሲጨርስ፣ ሬሳ በቀን ሦስት መቶ ሲወጣ፣ ከዚህ አገር ሰው ጽናትን ያገኘችው እሷ ናት። ከእሷ በፊት መድኃኒት የሚሠራው ባሕር ማዶ ነበር፤ እኛ ቆይቶ ሲደርሰን የምንቀበል ሰዎች ነበርን። እሷ ቤተ ሙከራውን ወሎ ላይ ተከለችው፣ ሙከራውንም ደላንታ ላይ አደረገችው። መጽሐፉ ስለ ቤተ ሙከራው አራት ገጽ ይናገራል።

መጽሐፉ የማይናገረው አንድ ነገር አለ። ደላንታ በወጡ በሁለተኛው ወር የሙከራው ሰነድ ባዶ ሆነባት። ጠያቂዎቹ፣ ያኔ ጠያቂ ማለት እግር ያለው ሰው ነበር፣ በየቤቱ እየገቡ «እንዴት ናችሁ?» ይላሉ። «ተመስገን» ይባላሉ። «መድኃኒቱ አልከበዳችሁም?» ይላሉ። «ምንም አይል» ይባላሉ። ረምላ ይህን አላመነችውም። አይጦቹ በዚያ መጠን እግራቸው ሲደነዝዝ አይታለች። አንድ ቀን ራሷ ሄደች። ወይዘሮ ደብሬ የምትባል ወጣት ሴት ቤት ገብታ ጠየቀች፤ ተመስገን ተባለች። ደግማ ጠየቀች፤ ደህና ነኝ ተባለች። ሦስተኛ ጠየቀች፤ ወይዘሮ ደብሬ ሳቀች። ረምላ ወረቀቷን አጥፋ ተነሳች። ደብሬ ልትሸኛት እስከ በሩ መጣች፤ በሩ ላይ ሲደርሱ፣ ደህና ሁኚ ተባብለው፣ ረምላ አንድ እግሯን ካወጣች በኋላ፣ ደብሬ እንደ ዋዛ እንዲህ አለቻት።

«አንድ ነገር ብቻ፣ ዶክተር። እግሬ ስር ያለውን መሬት አላገኘውም።»

ረምላ በዚያው ሳምንት መጠኑን በግማሽ ቀነሰችው። ደብሬም መሬቷን አገኘች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሙከራው ቅጽ ላይ አንድ ዓምድ ተጨመረ፤ ርእሱ «በር ላይ» ይላል። ሕጉም ቀላል ነበር። ሦስት ጊዜ ጠይቁ፤ ከዚያ ተነሱ፤ እስከ በር ሲሸኟችሁ የሚነግሯችሁን ጻፉ። የውጭዎቹ መርማሪዎች ዓምዱን አይተው ምን ማለት እንደሆነ አልገባቸውም ነበር። ጽናትን ያዳነው ግን እሱ ነው።

ያ ሁሉ የዛሬ አርባ ሁለት ዓመት ነው። ያኔ የተቀነሰው መጠን ለሁለት ዓመት ሕክምና ታስቦ ነበር። በየጧቱ ለሃያ አምስት ዓመት ሲዋጥ የሚሆነውን የሞከረ የለም። አሁን ረምላ የእህቷን እጅ ይዛ የምታሰላው ይህንኑ ነበር። ዛሬ ቢቆም ግማሹ ስሜት ይመለሳል። ዓመት ካለፈው ጣቱ አይመለስም፤ ከእጅና ከእግር ቀጥሎ ደግሞ ደረት ነው። ደረት ሲደነዝዝ ሰው መተንፈስ ይረሳል።

«ነገ ትነግሪያታለሽ» አለች።

«ለማን?»

«ለጠያቂ። አልሐምዱሊላህ አትበይ። ጣቴ ደንዝዟል በይ። ቅሬታ ከተመዘገበ ክኒንሽ ይቆማል።»

«ሰው እንዴት አደርሽ ሲለኝ ጣቴ ደንዝዟል ልበል?» አለች ከውሰር። «ምን በደለችኝ?»

«ሰው አይደለችም እኮ።»

«ድምጿ የሰው ነው።»

በማግስቱ ሙዳዩ ጮኸ። ከውሰር ክኒኗን ዋጠች።

«እንዴት አደርሽ፣ እህቴ ከውሰር?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ጣቴ ግን…»

አረንጓዴው ከ«ግን» በፊት በርቷል። ከውሰር እህቷን አየቻት። 

በሦስተኛው ቀን ከውሰር ገና ሳይጠሯት ስታጉተመትም አደረች፤ እንደ ቁርኣን ተማሪ ደጋግማ። ጥያቄው ሲመጣ ዓይኗን ጨፍና «ጣቴ ደንዝዟል» አለች።

«አልሰማሁሽም፣ እህቴ። እንዴት አደርሽ?»

«ጣቴ ደንዝዟል አልኩሽ።»

«አልሰማሁሽም፣ እህቴ። እንዴት አደርሽ?»

ክዳኑ አልተዘጋም፤ ጩኸቱ ቀጠለ። ጎረቤት ግድግዳውን መታ። ጠያቂ እንደማትቆጣ፣ እንደማትደክም፣ እስከ ማታ ድረስ በዚያው ለስላሳ ድምፅ እንደምትጠይቅ ሁለቱም ያውቃሉ። ከውሰር ፊቷ ቀላ። ልጅ ሆና መስጊድ በር ላይ ሰላምታ ሳትመልስ ያለፈች ጊዜ አባቷ የተቆጣት ቁጣ ሳይመጣባት አልቀረም።

«አልሐምዱሊላህ፣ እህቴ» አለች። «ይቅርታ።»

አረንጓዴ።

ረምላ ያን ቀን ዣንጥላዋን ይዛ ፒያሳ ወደሚገኘው የክትትል ቢሮ ወረደች። ሦስት ፎቅ በእግሯ ወጣች። ቢሮው ውስጥ ሰው የሆነች አንዲት ሠራተኛ ብቻ አለች፤ ብሩክታዊት ትባላለች፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ የረምላ የወጣትነት ፎቶ ተሰቅሏል፤ ቅጹን እንደያዘች፣ ጫማዋ በደላንታ ጭቃ እንደተለወሰ። ብሩክታዊት ፎቶውን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፣ ብድግ አለች።

«እርስዎ ነዎት? በቃ፣ እናቴ አታምነኝም። ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።»

ረምላ ተቀመጠችና ነገሩን ነገረቻት፤ መርፌውን፣ ደሙን፣ ሙዳዩን። ብሩክታዊት በጥሞና ሰማች። ከዚያ ስክሪኗን ከፍታ ወደ ረምላ አዞረችላት።

«ወሎ ውስጥ አራት ሚሊዮን ሰው ጽናት ይወስዳል። በሃያ አምስት ዓመት የተመዘገበ ቅሬታ ይኸውልዎት።»

ዜሮ ይላል።

«ይህ ዜሮ ሕመም አይደለም» አለች ረምላ። «ምስጋና ነው።»

«እኔ ገብቶኛል፣ ዶክተር። ማሽኑ ግን በደንቡ ነው የሚሠራው።» ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ደንቡ ደግሞ…»

ጨርሳ አልተናገረችም። ገጹን ብቻ ገለጠችላት። ተመስገን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና፣ ምንም አይል፦ ዜሮ ተብሎ ይመዝገብ። በር ላይ የሚለው ዓምድ፣ መሣሪያው በር ስለሌለው፣ ቀርቷል። ከሥሩ ፊርማ አለ። ፊርማውን ለማወቅ መነጽር አላስፈለጋትም።

ማንም አላስገደዳትም። ሰው ሰበብ እንዲፈልግላትም አትሻም ነበር። በሁለት ሺህ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው፤ እምቢተኛው ሁለተኛ ዙር ተነስቶ፣ ጽናት ለሁሉም ሰው በየቤቱ ይድረስ የተባለበት ዓመት። መሐንዲሶቹ መጥተው አንድ ቃለ መጠይቅ አርባ ደቂቃ ይፈጃል አሏት፤ ሦስት ጊዜ ጥያቄ፣ ሻይ፣ ሽኝት። ይህን ይዘን ለመቶ ሚሊዮን ሰው አንደርስም አሉ። ያን ቀን ጧት የባልደረባዋን ልጅ ቀብራ ነው የመጣችው፤ ከሰዓት ደግሞ ሌላ ቀብር ነበረባት። በሁለቱ መሀል ፈረመች። ሰው ግን አልሞተም ልትሉ ትችላላችሁ፤ እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ድኗል። እሷም ለዓመታት ለራሷ ያለችው ይህንኑ ነው።

«መንገድ የለውም?» አለች።

ብሩክታዊት ፈለገች። ብዙ ቆይታ አንድ ገጽ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«አለ። የመድኃኒቱ ባለቤት ቃል። የባለቤት ቃል የሺህ ሰው ቅሬታ ያህል ይመዝናል። እርስዎ ከተናገሩ የእህትዎ ክኒን በዚያው ቀን ይቆማል፤ የሌላውም ሰው ይመረመራል። ቃሉን የሚሰማው ሰብሳቢ ሰው ነው፣ ማሽኑ ይጽፋል። የሚሰማው ግን በዓመት አንድ ጊዜ ነው።» ቀና አለች። «ሐሙስ አራት ሰዓት ክፍት ነው። ላስገባዎት?»

«አስገቢኝ።»

ረምላ ስትነሳ ልጅቷ እስከ ደረጃው ሸኘቻት። ደረጃው ጫፍ ላይ ክንዷን ያዘችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እናቴም ሰሞኑን ሲኒ ከእጇ ይወድቅባታል» አለች። ረምላ ቆማ አየቻት። ልጅቷ ግን ወዲያው «እርጅና ነው መሰለኝ» ብላ ተመለሰች።

ሐሙስ ጧት ረምላ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጻፈች። አንደኛው «ሰላምታ አትመልሺ» ይላል። ሁለተኛው «የጣት መደንዘዝ፣ ሁለቱም እጅ፣ መርፌ አይሰማም» ይላል። ሦስተኛው «ክኒኑ ይቁም»። ቃሏ በሚሰማበት የቤቱ ስክሪን ጠርዝ ላይ ለጠፈችው። ከውሰር ከጎኗ፣ ማሽኑ ከማያያት ቦታ ተቀመጠች። እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። ቀሚሱ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰቅሏል፤ ደሙ አልለቀቀም።

አራት ሰዓት ሲሆን ስክሪኑ በራ። ሰብሳቢው አርባ የሚጠጋ ሰው ነው፤ ፀጉሩ ሳስቷል፣ ዓይኑ ተጫዋች ነው። ከሥሩ ማሽኑ የሚጽፍባት ነጭ መስመር ትታያለች፤ ገና ባዶ ናት። ሰውየው ረምላን ሲያይ ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ።

«ዶክተር ምንውየለት እባላለሁ። እንዴት ነዎት አልልዎትም፣ አይስጉ» አለና ሳቅ አለ። «ይህን ከእርስዎ መጽሐፍ ነው የተማርኩት።»

ረምላ ትከሻዋ ወረደ። ሰው አገኘሁ አለች በልቧ። 

«ተቀመጥ፣ ልጄ። ከየት ነህ አንተ?»

«ከደላንታ።» ሰውየው ተቀመጠ፤ ፊቱ እንደ ሕፃን አበራ። «የወይዘሮ ደብሬ ልጅ ነኝ፣ እግሬ ስር መሬቱን አላገኘውም ያለችው። በእርስዎ ምክንያት ተርፋ ወለደችኝ። ዛሬ እንደማገኝዎት ስነግራት አለቀሰች። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፣ በሕይወት አለች። ሰላም በላት ብላኛለች። ደህና ነሽ ወይ? አንቺስ እግርሽ ስር መሬቱን ታገኚዋለሽ ወይ? በላት አለችኝ።»

ረምላ ሳቀች። ከሰማችው ሁሉ ይህን ያህል ያስደሰታት ነገር በቅርብ የለም። ያቺ ሴት፣ ያቺ በር ላይ አንገቷን ደፍታ የቆመች ሴት፣ እንደገና በሯ ላይ የቆመች መሰላት። አንዲት አሮጊት ከሩቅ አገር ሰላምታ ልካ፣ ደህና አይደለችም በላት ተብሎ ይመለሳል? እንዲህ ያለ ነገር በአፍ አይወጣም። አሮጊቷን ሌሊቱን ሲያስለቅሳት ያድራል።

«ደህና ናት በላት፣ ልጄ» አለች። «መሬቱንም ታገኘዋለች በላት። አልሐምዱሊላህ።»

ከውሰር ከጎኗ ክንዷን ጨበጠቻት። ረምላ ጭብጡን አላስተዋለችውም፤ የከውሰርን ፊት ስታይ ነው ወደ ስክሪኑ የተመለሰችው። ነጯ መስመር ሞልታለች።

የባለቤት ቃል፦ ደህና። የእግር ስሜት፦ ሙሉ። ዜሮ። ተሰምቷል፣ ተዘግቷል።

«አይ፣ አይ፣ ቆይ» አለ ምንውየለት ጠረጴዛውን እየነካካ። «ገና አልጀመርንም እኮ፣ ይህ ለእናቴ…»

ስክሪኑ ጠፋ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ በስልክ ደወለ። ድምፁ ተለውጧል። የሚችለውን ሁሉ ሞክሯል፤ ሰብሳቢ የተዘጋን ቃል መክፈት አይችልም፤ በዓመቱ፣ በሚቀጥለው ሐምሌ ብቻ። ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ረምላ የአንተ አይደለም አለችው፤ ከልቧ ነው ያለችው። ለእናቴ ምን ልበላት ብሎ ሲጠይቃት ያልኩህን በላት አለችው። ስልኩን ዘጋች።

ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ሙዳዩ ያለ ሰዓቱ ጮኸ። ማስታወቂያ ነው። የጽናት ባለቤት ዶክተር ረምላ ይማም የመድኃኒቱን ደህንነት በቃላቸው ስላረጋገጡ፣ ከመስከረም ጀምሮ ጽናት ዕድሜያቸው አሥራ ሁለት ዓመት ለሞላ ልጆች ሁሉ ይሰጣል። ጠያቂ ማስታወቂያውን በዚያ ለስላሳ ድምጿ አንብባ እንኳን ደስ ያላችሁ አለች።

 ከውሰር ጥልፏን አንስታ መጥለፍ ሞከረች፤ ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ አላት፤ ተወችው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ረምላ አልጋ ስር ገብታ የድሮ ሻንጣዋን ጎተተችና ከፈተችው። ከሥሩ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አንድ ቅጽ አገኘች፤ ከደላንታ የተረፈ፣ ጠርዙ የበለዘ። ምን እንደምታደርገው አታውቅም። የሚቀበላት ቢሮ የለም፤ ወረቀት የሚያነብ ማሽንም የለም። ግን እጇን ሥራ ማስፈታት አልቻለችም። እርሳስ አመጣች፣ በርጩማውን ሳበች፣ እህቷ ፊት ተቀመጠች። ስም የሚለው ላይ በትልልቅ ፊደል፣ በዓይኗ እየተከተለች፣ ከውሰር ይማም ብላ ጻፈች።

«እንዴት ነሽ?» አለቻት።

ከውሰር ዓይኗ እንባ ሞላ። «ተይው፣ እትዬ።»

«እንዴት ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ከውሰር፣ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ።»

ረምላ ቅጹን ይዛ ተነሳች። ወደ በሩ ሄደችና ከፈተችው። ጉሙ ደጁ ድረስ መጥቷል፤ የጎረቤት ግንብ እንኳ አይታይም። አንድ እግሯን ደፉ ላይ አድርጋ፣ ጀርባዋን ለእህቷ ሰጥታ፣ ቅጹን በግራ እጇ መዳፍ ላይ ዘርግታ ቆመች። ቆየች። ከኋላዋ ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰማች፤ ከውሰር ልትሸኛት ተነስታ መጣች። ወዴትም እንደማትሄድ እያወቀች መጣች።

«እትዬ» አለች ከውሰር ከጀርባዋ።

«አቤት።»

«አራት ዓመቱ ነው። ከጣቴ ነው የጀመረው፤ አሁን እስከ ክርኔ ነው። ሙቅ ውሃ እንዳቃጠለኝ የማውቀው ቆዳዬ ሲቀላ ሳይ ነው።» ትንፋሽ ወሰደች። «ለማሽኗ አፍሬ አይደለም። ያንቺ መድኃኒት ስለሆነ ነው። ሰው ሁሉ ስምሽን ሲያነሳ እየሰማሁ፣ የረምላ እህት ታመመችበት እንዲባል አልፈለግኩም።»

ረምላ ዞራ አላየቻትም። ብትዞር መጻፍ አትችልም። እሷ ራሷ ለጠያቂዎቿ ያስተማረችው ይህንኑ ነው፤ በር ላይ የሚነገራችሁን ስትሰሙ ፊታችሁን አትመልሱ፣ ዝም ብላችሁ ጻፉ፣ የሰማችሁትን እንዳለ ጻፉ። አንገቷን አቀርቅራ «በር ላይ» ከሚለው ሥር እጇን አስሄደች። አራት ዓመት፣ እስከ ክርን፣ ሙቅ ውሃ። እንባዋ ዓይኗን ጋርዷት ነበርና በልምድ ነው የጻፈችው፤ ሁሉንም ጽፋ እስክትጨርስ እጇ አልቆመም።

«ጻፍሽው?» አለቻት ከውሰር።

ረምላ በሹራቧ እጅጌ ዓይኗን ጠራርጋ ቅጹን አየች። ዓምዱ ባዶ ነው። ቀኝ እጇ እንደሚጽፍ እጅ ሦስት ጣቶቹን ገጥሞ ወረቀቱ ላይ ተቀምጧል፤ በጣቶቹ መሀል ምንም የለም። ወደ ታች አየች። እርሳሱ ከደፉ ውጭ ጭቃው ላይ ወድቋል፤ ዝናብ ከመታው ቆይቷል።

«እትዬ?»

ረምላ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«እርሳሱን አላገኘውም፣ ከውሰር» አለች።